አዮዲኑ የት ገባ?

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የፋርማሲስቷ መልስ

ኅዳር ገብቷል። ደብረ ብርሃንም ውርጯን ጀምራለች። ማሞቂያዬን እግሬ ሥር አድርጌ፣ ከመድኃኒት መደርደሪያው ጀርባ ተቀምጬ ነው ደብዳቤዎቻችሁን የማነበው። የዚህ ወር ጠያቂዎች ሳይመካከሩ አንድ ነገር ጠይቀውኛል። ቆዳ ላይ የቀባነው ነገር እዚያው ይቀራል ወይስ ወደ ውስጥ ይገባል? ረጅሙን መልስ ለእማማ ሰጥቻለሁ። ሌሎቻችሁ አትቀየሙኝ፤ የእሳቸው ጉዳይ የዘጠኝ ቀን አራስ ልጅ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ ልጄ። ከመሐል ሜዳ ነው። የምትጽፍልኝ ስምንተኛ ክፍል ያለች የልጅ ልጄ ናት። ልጄ ከተገላገለች ዛሬ ዘጠኝ ቀኗ። የሕፃኑ እትብት እስኪወድቅ ብዬ ጠዋትና ማታ አዮዲን እቀባዋለሁ። ድሮ ቅቤ ነበር የምናደርገው፤ አታድርጉ ስለተባልን ተውን። ማታ ቡኒ አድርጌ የቀባሁት ጠዋት ሳየው ደብዝዞ፣ ቦታ ቦታው ጠፍቶ አገኘዋለሁ። ጎረቤቴ ‹ሰውነቱ አዮዲን ስላጠረው መጦት ነው፤ ኋላ እንቅርት እንዳይዘው ጨምሪለት› አለችኝ። ለመሆኑ የት ገብቶ ነው? አይጎዳብኝም?»

እማማ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት። ነገር ሳላበዛ ዋናውን ልንገርዎት። አዮዲኑን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት። ጎረቤትዎ አዝና ነው እንጂ ክፋት የላትም፤ ግን ተሳስታለች።

የት ገባ ላሉኝ፣ ሁሉም አንድ ቦታ አልሄደም። ጥቂቱ ተንኗል። አዮዲን ክዳኑ ተከፍቶ ቢተው የሚተን ነገር ነው። ጥቂቱ እዚያው ሆኖ ቀለሙን ለውጧል። ቆዳ ሲነካ ቡኒው ቀስ በቀስ አዮዳይድ ወደሚባል ቀለም የለሽ ነገር ይለወጣል። አለ፣ ግን አይታይም። የቀረው ገብቷል። ስለዚህ ቀለሙ ቶሎ ጠፋ ማለት ልጁ አዮዲን ተጠምቶ ነበር ማለት አይደለም። ይህ «ተቀብተህ ቶሎ ከጠፋ እጥረት አለብህ» የሚባል ምርመራ በስልክም ሲዞር አይቼዋለሁ። የቤቱ ሙቀት፣ የቆዳው እርጥበት፣ የቀቡት ብዛት ቀለሙን ያቆዩታል ወይም ያጠፉታል። የእጥረት መለኪያ አይሆንም።

እንዴት እንደሚገባ ደግሞ እርስዎ ከሚያውቁት ነገር ልነሳ። የመንዝ ቤት ግድግዳ እንዴት ነው የሚሠራው? ጠፍጣፋ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይካባል፣ መሃል መሃሉ በጭቃ ይሞላል። የቆዳችን የላይኛው ንጣፍም እንደዚያው ነው። ድንጋዮቹ የሞቱ ጠፍጣፋ ሕዋሳት ናቸው። ጭቃው በመካከላቸው ያለ ስብ ነው። የግድግዳው ውፍረት ግን ያስቃል፤ ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ቢሆን ነው። አንዲት ክር ፀጉር ትበልጠዋለች። ውጭ ያለውን ከውስጥ የሚለይልን ዋናው አጥር ይኸው ነው።

ድንጋዩን ሰንጥቆ የሚያልፍ እምብዛም የለም። በጭቃው ውስጥ እየተጥመለመለ የሚገባ ግን አለ። ትንሽ የሆነና ስብ የሚስማማው ነገር ይሾልካል። ትልቁ ውጭ ይቀራል። ባለሙያዎች እንደ ድንበር የሚይዟት ቁጥር 500 ዳልተን ናት፤ ዳልተን የእነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ክብደት መለኪያ ነው። አዮዲን 254 ነው፣ ያልፋል። ክሎርሄክሲዲን የሚባለው ሌላው የቁስል ማጽጃ 505 ነው፤ አብዛኛው ደጃፍ ላይ ቆሞ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ለደረቅና ለጤነኛ የአዋቂ ቆዳ ነው። የእርስዎ የልጅ ልጅ ጉዳይ በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ሕፃን ከኪሎው አንፃር ሲታይ ቆዳው ብዙ ነው። ለእያንዳንዱ ኪሎ የሚደርሰው ቆዳ ከአዋቂው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ያው መዳፍ የምታህል ቦታ ብትቀባ ለእሱ ብዙ ናት። ሁለተኛ፣ እትብቱ የተቆረጠበት ቦታ ቆዳ አይደለም። እርጥብ ቁስል ነው። ግድግዳ በሌለበት በር መዝጋት አይቻልም። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ሲሆንማ ግድግዳውም ገና ተካቦ አላለቀም።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። ከእኛ ፋርማሲ የሚወስዱት ብልቃጥ ላይ «ፖቪዶን አዮዲን 10 በመቶ» ይላል። በዚህ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው አዮዲን 1 በመቶ ነው። አንድ ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 20 ጠብታ ያህል፣ 10 ሚሊ ግራም አዮዲን ይይዛል። በማይክሮግራም 10,000 ነው። ሕፃን በቀን የሚያስፈልገው 90 ማይክሮግራም ነው። አዋቂ እንኳ 150 ይበቃዋል። እና ከዚያ አንድ ሚሊ ሊትር መቶኛው ብቻ ቢገባ 100 ማይክሮግራም ሆነ፤ የቀኑን ድርሻ አልፏል። እርስዎ ደግሞ ጠዋትም ማታም፣ ዘጠኝ ቀን።

«ታዲያ አዮዲን ጥሩ አይደል? ለእንቅርት አይደል ጨው ውስጥ የሚጨመረው?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ጎረቤትዎን ያሳሳታትም ይሄው ነው። አንገታችን ላይ ያለው የእንቅርት ዕጢ አዮዲን ሲያጣ ያብጣል፤ ያ እንቅርት ነው። በአንድ ጊዜ ሲጥለቀለቅ ግን ሥራ ያቆማል። ወፍጮ ቤት እህል ከመጠን በላይ ሲጨመርበት ቀጥ እንደሚለው በሉት። ይህን በ1948 እ.ኤ.አ. ዎልፍና ቻይኮፍ የተባሉ ተመራማሪዎች በአይጥ ላይ አይተው ጽፈውታል፤ እስከ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። የአዋቂ ዕጢ ጥቂት ቀን ቆይቶ ራሱን ያስተካክላል። የአራስ ልጅ ዕጢ ይህን ገና አልተማረም። እንደ ቆመ ሊቆይ ይችላል። ከዕጢው የሚወጣው ሆርሞን ደግሞ በዚያ ዕድሜ አንጎል የሚያድግበት ነው። ሌላም አለ። እናቲቱ አዮዲን ባነሰበት አገር የኖረች ከሆነች የልጇ ዕጢ ለጎርፉ ይበልጥ ስስ ነው። እኛ ደጋ ነን። እንቅርት ያላቸው አሮጊቶች በየቤታችን አሉ። ስለዚህ «አዮዲን ያጠረን ስለሆንን ብንቀባ ይጠቅመናል» የሚለው ነገሩን ገልብጦ ማየት ነው።

አይደንግጡ። በዘጠኝ ቀን ቅባት ልጅ ተበላሸ አላልኩም። ግን ጡት አልጠባ ካለ፣ እንቅልፍ ካበዛ፣ ዓይኑ ቢጫ እንደሆነ ከከረመ፣ ሆዱ ከደረቀ፣ ለቅሶው ጎርናና ከሆነ፣ ገላው ከቀዘቀዘ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። «ዘጠኝ ቀን አዮዲን ተቀብቷል» ብለው ይንገሯቸው። ካልነገሯቸው አያውቁም፤ ቡኒው ጠፍቷላ! ምንም ምልክት ባያዩም የክትባት ቀኑ ሲደርስ ያንኑ ይናገሩ።

ለእትብቱስ? ንጹሕና ደረቅ ማድረግ ይበቃል። ቤት ውስጥ ለተወለዱ፣ በተለይ ቅቤ፣ አመድ ወይም እበት የማድረግ ልማድ ባለበት አካባቢ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው 4 በመቶ የክሎርሄክሲዲን ጄል ነው፤ በቀን አንዴ፣ ለመጀመሪያው ሳምንት። ቅቤውን መተዋችሁ እግዜር ይስጣችሁ፤ መንጋጋ ቆልፍ የሚገባው በዚያ በኩል ነው።

ጄሉን ካገኙ ግን አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ለአራስ ልጅ ዓይን የምትሰጠው ቴትራሳይክሊን ቅባትም በትንሽ ቱቦ ነው የምትመጣው። ሁለቱ አንድ ፌስታል ውስጥ ገብተው፣ ማታ በኩራዝ ብርሃን ሲወጡ ያምታታሉ። ክሎርሄክሲዲን ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል፤ ዓይን ያጠፋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህ በአፍሪካ አገሮች ስለደረሰ ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል። እኔ ለእናቶች ስሰጥ የእትብቱን ቱቦ ወገብ ላይ ጥቁር ክር አስራለሁ። ክሩን በጣት መዳሰስ ይቻላል፣ ማንበብ አያስፈልግም።

እንቅርቱን በጨው ይከላከሉት። አዮዲን ያለበት ጨው ገዝተው፣ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጠው፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨምሩ። እናትየው ከበላችው ለልጁ በጡት ይደርሰዋል።

እዚህ ላይ የራሴንም ጥፋት ልናዘዝ። ለአዋቂስ አዮዲን ምንም አይደለም ብላችሁ እንዳትሄዱ። የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ለእረፍት ቤት መጣሁ። ታናሽ ወንድሜ ገብስ ሲያጭድ ማጭድ ቁርጭምጭሚቱን ቆርጦታል። ያኔ ከእኔ በላይ አዋቂ የለም። ጥጥ በአዮዲን አራስኩ፣ ቁስሉ ላይ ደመደምኩ፣ ብርድ እንዳይገባው ብዬ በፌስታል ጠቅልዬ በጨርቅ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት። «ያቃጥለኛል» ሲል «መድኃኒቱ እየሠራ ነው» አልኩት። ጠዋት ስፈታው ቁስሉ ደህና ነበር። በዙሪያው ያለው ጤነኛ ቆዳ ግን ቡኒ ሆኖ፣ አብጦ፣ ውሃ ቋጥሯል። የታሰረበት ቅርጽ ልክ ነው የተላጠው። እናቴ እሱን እያየች «ይሄ ነው የሚያስተምሯችሁ?» አለችኝ። ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ፤ ሠርጉ ቀን ካልሲ ሲያጠልቅ አሳይቶኛል።

ያኔ ያልገባኝ ይህ ነበር። ፌስታሉ ላቡንና እርጥበቱን አፈነው። ቆዳ በእርጥበት ሲታፈን ያ በድንጋዮቹ መሃል ያለው ጭቃ ይላላል፤ የሚገባው ነገር ብዙ እጥፍ ሊጨምር ይችላል። አዮዲን ቀብቶ አየር ላይ ማድረቅ ሌላ፣ አርሶ ማፈን ሌላ። ዳይፐርም እንደዚያው ፌስታል ነው። ፈረንሳይ ውስጥ በ1972 እ.ኤ.አ. የሕፃናት ፓውደር ውስጥ በስህተት 6 በመቶ ያህል ሄክሳክሎሮፊን የሚባል ፀረ ጀርም ተደባለቀ። እናቶች የተቆጣ ቂጥ ላይ ነፍተው ዳይፐር አሰሩበት። መድኃኒቱ በቆዳ ገብቶ አንጎል ደረሰ፤ 36 ሕፃናት ሞቱ። ያ ነገር በዋጡት አልነበረም፣ በተቀቡት ነው። ፋርማሲ ትምህርት ቤት ይህን ሲነግሩን ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር።

«ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን የምመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነኝ። ብር ስቀበል ስለምውል ሳኒታይዘር በየደቂቃው ነው የምቀባው። አልኮሉ ደም ውስጥ ገብቶ ትራፊክ ቢለካኝ ያስይዘኛል? ረዳቴ ደግሞ በአረቄ መታጠብ ይሻላል ይላል።»

ወንድሜ፣ አልኮል ከነገርኳችሁ ሁሉ ትንሹ ነው፤ 46 ዳልተን ናት። መግባት ይችላል። ግን ከመግባቱ በፊት ተኖ ያልቃል። ከሚገባው ጥቂትም በቆዳ ከሚገባው ይልቅ በአፍንጫ የምትስበው ሳይበልጥ አይቀርም። አያሰክርህም። ብቻ እጅህ ሳይደርቅ መለኪያው አጠገብ ብታደርሰው መሣሪያው ትነቱን ሊያነብብህ ይችላል። አድርቅና ንፋ።

አረቄውን ተወው። የደብረ ብርሃን አረቄ ስሙ የታወቀ ነው፣ አልክድም። ግን ለእጅ ጀርም የሚፈለገው ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ነው፤ አረቄ እዚያ አይደርስም። የረዳትህም ሐሳብ እጅ መታጠብ ላይ አይመስለኝም።

አንተን የሚያሰጋህ ሌላ ነው። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ በሃይላንድ ፕላስቲክ የሚሸጥ ሳኒታይዘር አትግዛ። በኢታኖል ፈንታ ሜታኖል የገባበት ሊሆን ይችላል። በ2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ እንኳ እንዲህ ያሉት ገበያ ላይ ተገኝተው ተሰብስበዋል። ሜታኖል በቆዳም ይገባል፣ ዓይንም ያጠፋል። ሌላው፣ አልኮል ያን የቆዳ ስብ አጥቦ ይወስደዋል። አንተ ከሮቢት ሙቀት ወጥተህ ጣርማ በርን ስታልፍ ብርዱ የታጠበውን እጅ ይሰነጥቀዋል። የተሰነጠቀ እጅ ደግሞ ሁሉን ያስገባል። ማታ ማታ ቫዝሊን ተቀባ።

«ልጄን በየቀኑ ጠብታ ዴቶል ጨምሬ ነው የማጥበው። ልክ ነኝ?»

የለም፣ እህቴ። ውሃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃታል። ዴቶል ሳይበረዝ ቆዳ ያቃጥላል፣ ተበርዞም ዕለት ዕለት ያደርቃል። ጀርም ቤትሽ ወለል ላይ ይሙት፤ ልጅሽ ወለል አይደለችም።

«ሞላሌ ነኝ፣ በግ አረባለሁ። ለበጎቼ እከክ የገዛሁት ዲያዚኖን ተርፎኛል። እኔም ሌሊት ሌሊት በጣቶቼ መሃልና በወገቤ ያሳክከኛል። በጎቹ አንዴ ተነክረው ዳኑ። በጥብጬ ብቀባውስ? በግ ያልጎዳ ሰው ምን ያደርጋል?»

አባቴ፣ እባክዎ አይቀቡት። ይህን ደብዳቤ ሳነብ ቡናዬን አስቀምጬ ተነሥቻለሁ።

ዲያዚኖን የነርቭ መርዝ ነው። ተባዩን የሚገድለው ነርቩን እያስጨነቀ ነው፤ የእኛም ነርቭ በዚያው መንገድ ነው የሚሠራው። ስብ ይወዳል፣ ስለዚህ በቆዳ ይገባል። ሲገባም አያቃጥልም፣ አያሳክክም። ሳይታወቅ ነው። በጉ ያልተጎዳው ብዙ ውሃ ውስጥ ተበርዞ፣ ፀጉር ለብሶ፣ ለአፍታ ተነክሮ ስለወጣ ነው። ልኩ ከተሳተ በግም ይሞታል፤ እርስዎ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

የት ቦታ ላይ እንደሚያርፍም ይለያል። አሜሪካ ውስጥ ፓራታዮን የሚባለውን፣ የዚሁ የዲያዚኖን ዘመድ የሆነውን፣ በጥቂት በጥቂቱ ፈቃደኛ ሰዎች ቆዳ ላይ አድርገው ለክተዋል። ክንድ ላይ የተቀባው ከመቶ 9 ያህሉ ገባ። የዘር ፍሬ ከረጢት ላይ የተቀባው ሁሉም ገባ ማለት ይቻላል። ይህን ያነሳሁት ለማሳፈር አይደለም። በግ ሲነክሩ እንዴት ነው የሚይዙት? በጉልበትና በጉልበት መሃል አይደል? ውሃው የሚረጨው የት ላይ ነው? ሱሪዎ ርሶ እንደዋለ በብርድ ልብስ አይቀመጡም?

ማሳከክዎ ሌሊት ከባሰ፣ ጣት መሃልና ወገብ ከሆነ የሰው እከክ ይመስለኛል። የበጉ ተባይ ሌላ ነው፣ የሰው ሌላ። ጤና ጣቢያ ይታዩ። ፐርሜትሪን 5 በመቶ ቅባት ይሰጥዎታል። ከአንገት በታች ሁሉንም፣ ጥፍር ሥር ሳይቀር ተቀብተው አድረው ጠዋት ይታጠባሉ፣ በሳምንቱ ይደግሙታል። ይህም መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን ከመቶ 2 እንኳ አይገባም፣ የገባውንም ሰውነት ቶሎ ይሰብረዋል። ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ቀን ይቀባ። እርስዎ ድነው ሚስትዎ ከቀሩ በወሩ ተመልሰው ይጽፉልኛል።

ምናልባት ተቀብተው ከሆነ ወይም በጉን ሲነክሩ ርሰው ውለው ከሆነ፣ ላብ ላብ ካልዎ፣ ምራቅ ከበዛ፣ ዓይን ከደበዘዘ፣ ሆድ ከቆረጠ፣ ጡንቻ ከተንቀጠቀጠ አይጠብቁ። ልብሱን ሁሉ ያውልቁ፣ ገላዎን በሳሙናና በብዙ ውሃ ይታጠቡ፣ ብልቃጡን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ሐኪሙ ስሙን ካነበበ ማርከሻውን ያውቃል፤ አትሮፒን ነው።

የተረፈውን በውሃ ፕላስቲክ ውስጥ አይገልብጡት። በራሱ ዕቃ፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ያኑሩት። ለሚቀጥለው ነክር ደግሞ የላስቲክ ጓንትና ቦት ጫማ ያድርጉ። የቆዳ ጓንት አይሆንም፤ መጥጦ ይይዘዋል። ያን ቀን የለበሱትን ሱሪ ከልጆች ልብስ ጋር አንድ ሳፋ ውስጥ እንዳያጥቡት።